ቀለም የለበሰው አረር

«ውጡ! ሁሉም ሰው ይውጣ! ካፖርት ምናምን አትበሉ፣ ውጡ!»

አለቃው ቪቶ የሚጮኸው ከምድጃው አፍ ላይ ቆሞ ነበር። የቶሮንቶው ሬክስዴል ሰፈር ፋብሪካ ሠራተኞች እንዳሉ፣ በሸሚዝና በቲሸርት ወደ መኪና ማቆሚያው ተንጋጉ። የጥቅምት መጨረሻ ነው። ካፊያው አጥንት ድረስ ይገባል።

ሀብተማርያም ከሁሉ በኋላ ወጣ። አልሮጠም። መሮጥ እንደማያስፈልግ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው ነገሩ?» አለችው ጸሐይወርቅ እጆቿን በብብቷ ወሽቃ። እሷ ብረቱን መንጠቆ ላይ ትሰቅላለች፤ እሱ ምድጃውን ይጠብቃል።

«እኔ እንጃ።»

«ኦቭኑ ውስጥ ጥይት ተገኘ እኮ ነው የሚሉት! ቢፈነዳ ኖሮ ይኼኔ ተጠብሰን ነበር።»

የሸሚዙን ኮሌታ ወደ ላይ ሳበ።

ፋብሪካው የሕፃናት አልጋ ብረት ቀለም ያለብሳል። ቀለሙ ፈሳሽ አይደለም፤ እንደ ዱቄት የላመ ነው። ብረቱ ላይ ይነፋና ምድጃ ሲገባ ቀልጦ እንደ ቆዳ ይጣበቃል። ሀብተማርያም ወደዚህ ሥራ ከመግባቱ በፊት፣ አገር ቤት ሳለ፣ የጦር ሠራዊት ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር። ቶሮንቶ ከመጣ ወዲህ ይህን ሙያውን የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ጎረቤቱ ጎርደን እስኪጠይቀው ድረስ።

ጎርደን አጋዘን የሚያድን ጡረተኛ ነው። ጥይቱን የሚሞላው ራሱ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው። የአባቱ ጠመንጃ አፈሙዝ ግን በአገልግሎት ብዛት ሰፍቶ፣ ሱቅ የሚሸጠው መዳብ የለበሰ አረር ይላላበታል፤ ሲተኩስ ይስታል። ወፈር ያለ አረር ፈልጎ አጣ። ሀብተማርያም በእጁና በተሰባበረ ቃል «ለእኔ ተወው» አለው። የአልጋው ቀለም ቢነፋበት አረሩ የፀጉር ያህል ይወፍራል፤ ለዚያ አፈሙዝ ደግሞ የፀጉር ያህል ይበቃዋል።

ትናንት ጠዋት ሌላው ሰው ሳይገባ አንድ እፍኝ አረር ሽቦ ላይ ደርድሮ፣ ነጭ ቀለም ነፍቶ፣ ከሕፃናቱ አልጋ ጋር አስገባ። ሲያወጣ አንዷ ተንከባልላ መቅረቷን አላየም። ማታ ሲወስድለት ጎርደን በመለኪያ ለክቶ እንደ ልጅ ሳቀ፤ ሚስቱንም ጠርቶ አሳያት። ሀብተማርያም ዛሬ ሥራ የገባው ደረቱን ነፍቶ ነበር።

የተገኘው አረር፣ የጥይት ጫፍ ብቻ ነው። ቀለህ የለው፣ ባሩድ የለው። ምድጃ ውስጥ ዓመት ቢቀመጥ ከጠጠር አይለይም። ይህችን ቢናገር ሰው ሁሉ ወደ ሙቀቱ ይመለሳል። አንዲት አሮጊት ካርቶን ራሷ ላይ ደፍታ ስትንቀጠቀጥ አየ። አየና ፊቱን አዞረ።

ቪቶ ነጩን አረር በጉጠት ይዞ ወጣ። ሀብተማርያምን ሲያናግር ሁልጊዜ በጸሐይወርቅ በኩል ነው፤ አሁንም ወደ እሷ ዞረ።

«ኦቭኑ ጋ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። የማን ነው? ፖሊስ ከመጥራቴ በፊት ይናገር፣ በይው።»

«ጋሼ፣ የማን ነው ይላል። ፖሊስ ልጠራ ነው ይላል።»

«የእኔ ነው በይው» አለ ሀብተማርያም መሬት መሬቱን እያየ። «ባሩድ የለውም፣ አይፈነዳም በይው። ለጎረቤቴ የሠራሁት ነው።»

ጸሐይወርቅ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ወደ ቪቶ ዞረች።

«የእኔ ነው» አለች በእንግሊዝኛ። «መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት። ለልጄ የቁልፍ ማንጠልጠያ ላደርግለት ብዬ ነው። እሱ ምንም አያውቅም።»

ሀብተማርያም እያንዳንዷ ቃል ገባችው። እንግሊዝኛ ለመናገር ያፍራል እንጂ መስማቱን ይሰማል። አሁን አፉን ቢከፍት ይበቃ ነበር። አልከፈተም። ቋንቋው እንዳልገባው ሰው አንዴ እሷን፣ አንዴ ቪቶን አየ። ያን ፊት ይችልበታል፤ በየቢሮው ሲጠቀምበት የኖረ ነው።

«ጥይት? ለልጅ?» ቪቶ ፊቱ ቀላ። «አብደሻል! ዕቃሽን ሰብስቢና ውጪልኝ።» ከዚያ የሀብተማርያምን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «አንተ ጥሩ ሰው ነህ። ግባ፣ ይበርድሃል።»

ገባ። ሙቀቱ ፊቱን ሲያገኘው ደስ አለው። ደስ ስላለው አፈረ።

ጸሐይወርቅ ልብስ ማስቀመጫው ጋ ጫማዋን ስትቀይር ደረሰባት።

«ምን ነካሽ አንቺ? ያልኩሽን ለምን አልነገርሽውም?»

«ፖሊስ ቢመጣ ማንን የሚይዝ ይመስልዎታል? ወታደር የነበረ፣ የመኖሪያ ወረቀቱ ገና ያላለቀለት ሰው፣ ጥይት ተገኘበት ነው የሚሉት። እኔን ቢበዛ ቂል ናት ይሉኛል።» ሳቅ አለች። «እሱን እንደሆነ ቪቶ ድሮም ያውቀዋል።»

«ልጆችሽስ?»

«ዶናት ቤት ሥራ እጠይቃለሁ። አንድ ነገር አይጠፋም።»

«እኔ እኮ ምን እንዳልሽው አልገባኝም ነበር...»

«ይተዉ እንጂ ጋሼ።» የካፖርቷን ዚፕ እስከ አንገቷ ሳበች። «ፋሲካ ቤትዎ ስንመጣ ቴሌቪዥኑ ላይ በእንግሊዝኛ ቀልድ ሲወራ፣ ከልጆቼ ቀድመው ነው የሳቁት። እንደሚገባዎት አውቃለሁ። የእኔ ነው ካልኩት በኋላ እኮ ትንሽ ጠበቅሁ። ዝም ሲሉ፣ እንግዲህ እንዲህ ይሻላል ብለው ነው አልኩ። አልተቀየምኩም።»

ብትሰድበው በቀለለው ነበር። ዝቅ ብላ ተሰናብታው ወጣች።

ወደ ምድጃው ተመለሰ። በጸሐይወርቅ ቦታ ቪቶ ራሱ ብረት ይሰቅላል፤ እየተነጫነጨ፣ አጣሞ። ሀብተማርያም እሑድን አሰበ። ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ «ከሥራ ለምን ወጣሽ?» ብለው ይጠይቋታል። እሷም አረጋዊውን ላለማዋረድ ያንኑ ውሸት ትደግመዋለች። እሱ አጠገቧ ይቆማል፤ ምናልባትም «አይዞሽ» ይላታል። ራሱ ይህን «አይዞሽ» ሲል በጆሮው የሰማ መሰለው።

ጓንቱን አውልቆ ወጣ።

ጸሐይወርቅ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ነበረች። «ጋሼ! ያለ ካፖርት!»

«ነይ እንመለስ።»

«ተመልሼ ምን ልሁን? ደግሞ ልባረር?»

«የምናገረው እኔ ነኝ። አንቺ አታስተረጉሚም።»

«እሱንማ እናያለን» አለች፣ ዓይኗ መንገዱ ላይ ሆኖ። «ፖሊሱስ?»

«ይምጣ።»

አውቶቡሱ ደርሶ በሩን ከፈተ። ጸሐይወርቅ አንድ እግሯን አነሳች፤ ሀብተማርያምን አየችው፤ እግሯን አላወረደችም፣ አልተሳፈረችምም።

«ትሳፈሪያለሽ?» አላት ሾፌሩ።

ሀብተማርያም አንገቱን ወደ በሩ አስገባ። ጉሮሮውን ጠረገና በእንግሊዝኛ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠ፣ «ሂድ። እሷ አትሳፈርም። ሥራ አላት» አለ።

በሩ ተዘጋ። እሷ አፏን ይዛ ቀረች። እሱ ግን ፊቱን ወደ ፋብሪካው አዙሮ መንገድ ጀምሮ ነበር።