ካስማ የሚገባበት ግቢ

ልጄ ኤልናታን ሜትር ይዞ ግቢዬ ውስጥ ሲመላለስ ያገኘሁት የገና ሰሞን ነው። እኔ ተንበርክኬ ሰርዶ እነቅላለሁ፣ እሱ ከአጥሩ እስከ በረንዳው ይለካል።

«ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት።

«ሲሚንቶ ላስደርግልሽ ነው፣ እማ። ይሄን ሁሉ። ከዚያ ወዲያ ሰርዶ የለ፣ አቧራ የለ፣ መንበርከክ የለ። ጠርገሽ መግባት ብቻ ነው።»

ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። ጉልበቴ ካበጠ ቆይቷል። ሐኪሙ አትንበርከኪ ብሎኛል፤ እኔ ደግሞ ሐኪሙ ፊት እሺ እልና ቤቴ ስገባ እንበረከካለሁ። ልጄ ይሄን ያውቃል። ግን እኔና አባቱ ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ይሄን ቦታ ያቀናነው አፈር እንዲኖረን ብለን ነው። አባቱ ካረፈ ወዲህ ጠዋት በር ስከፍት የማየው ይሄንኑ ግቢ ነው፤ ጽጌረዳ፣ እሬት፣ የሥጋ መጥበሻ ቅጠል፣ ጥግ ላይ ትንሽ ጎመን። ሲሚንቶ ላይ ምን ላይ ነው?

ጠላቴ ሰርዶው ነው። ከላይ ሲያዩት ለስላሳ ሣር ነው፣ ልጅ ይንከባለልበታል። ከሥር ግን ገመድ ነው። የሐዋሳ አፈር ደግሞ ቀላል ነው፣ አሸዋማ፤ እንደ ልቡ ይሄድበታል። በበጋ ደርቆ ሲያዩት ሞተ ይላሉ። አንድ ዝናብ ጣል ሲያደርግ ጎመኑን አልፎ፣ ጽጌረዳውን አንቆ፣ በረንዳው ላይ ይወጣል።

የሚመጣውም ከጎረቤት ነው። ጋሽ ሙሉጌታ፣ የጓደኛዬ የመዓዛ ባል፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ ግቢውን በሙሉ ሰርዶ አለበሰው። ማታ ማታ ወንበር አውጥቶ ጎማውን ይዞ ያጠጣል፤ የሆቴል ባለቤት ይመስል። እኛን የሚለየን የቀርከሃ አጥር ነው። ሣሩ አጥር አያውቅም፣ በሥር ይገባል።

«ጋሼ፣ ሣርህን ሰብስብ!» እለዋለሁ።

«ሊጠይቅሽ እኮ ነው የሚመጣው፣ ታቢታ። ሰው ቢጠላሽ ሣር ወደደሽ!» ይለኛል፣ ውኃውን እየረጨ።

እንግዲህ ያን ቀን ልጄን እንዲህ አልኩት፦ «እስከ በልግ ዝናብ ጊዜ ስጠኝ። ዝናብ ጥሎ ከዚህ ግቢ አንድ ሰርዶ ብቅ ካለ፣ ሲሚንቶህን አምጣ። አልናገርም።»

«አንድ?»

«አንድ።»

ሳቀ። ሜትሩን አጠፈና ኪሱ ከተተ። አፌ ነው ያስገባኝ።

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሐና የምትባል ልጅ አለች። ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ የተማረችው ስለ አረም ነው። እሁድ ፕሮግራም ሲያልቅ በር ላይ ያዝኳት።

«እስካሁን በምንድነው የሚያጠፉት፣ እትዬ ታቢታ?»

«በዶማ ነዋ። ክረምት ሲገባ እከታክተዋለሁ።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እትዬ፣ እየዘሩት እኮ ነው! እያንዳንዱ አንጓ ራሱን ችሎ ይበቅላል። በዶማ ቆራረጡት ማለት ችግኝ አደረጉት ማለት ነው።»

እልህ ያዘኝ፤ በእሷ ሳይሆን በሰርዶው። ይሄን ሁሉ ዓመት ሲስቅብኝ ኖሯል። ሐና የነገረችኝን አንድም ሳላጎድል አደረግሁ። ጎመኑን ለቅሜ በላሁ፣ ጽጌረዳውን፣ እሬቱንና የሥጋ መጥበሻውን ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አዛወርኩ። መሬቱን ውኃ እስኪጠግብ አጠጣሁ። ከዚያ ብርሃን የሚያሳልፈውን ላስቲክ ከዳር እስከ ዳር ዘረጋሁና ጠርዙን በአፈር ቀበርኩ። የጥር ፀሐይ የቀረውን ትሠራዋለች ብላለች፤ ከላስቲኩ ሥር ሥሩን ትቀቅለዋለች።

ጋሽ ሙሉጌታ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ አየ።

«ታቢታ፣ መሬቱን ድስት ውስጥ ከተትሽው እንዴ?»

«የሰርዶ ወጥ እየሠራሁ ነው። ሲደርስ እጠራሃለሁ።»

«ጨው እንዳይበዛበት!»

መዓዛ ከቤት ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት።

ላስቲኩ ሥር እጄን ባስገባሁ ቁጥር ያቃጥለኛል። ሰርዶው መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ቡናማ። በየቀኑ እየሄድኩ አየዋለሁ፤ የታመመ ሰው የሚጠይቅ ሰው ይመስል፣ እኔ ግን እንዲሞትልኝ ነው የምጠይቀው። ሐና መጥታ ጫፉን ገልጣ አየችና «የካቲት እስኪያልቅ እንዳይከፍቱት፤ የታችኛው ሥር ገና ነው» አለች።

የካቲት አላለቀም። አንድ ጠዋት ከጎረቤት የመዓዛ ጩኸት ተሰማ። ጋሽ ሙሉጌታ ፊቱን ሊታጠብ ወጥቶ እዚያው ሣሩ ላይ ወደቀ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አለፈ።

ስለ ራሴ ምን ልበል። በአጥሩ በኩል ዘልዬ ገባሁ፣ ጉልበቴም ትዝ አላለኝም።

ረፋድ ላይ የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ደረሰ ድንኳኑን በጋሪ አስጭኖ መጣ። ለመዓዛ ግቢ ድንኳኑ ይሰፋል፤ ቤቱ ብዙውን ቦታ ይዞታል። መንገዱ ኮብልስቶን ነው። አቶ ደረሰ ሠፈሩን ዞሮ ዞሮ እኔ በር ላይ ቆመ። ባርኔጣውን አውልቆ ያንን የተዘረጋ ላስቲክ ያያል፣ እኔን ያያል።

«እህት ታቢታ፣ እንዴት ብዬ ልጠይቅሽ?»

«ምንድነው?»

«ሁሉም ግቢውን ሲሚንቶ አድርጎታል። ካስማ የሚገባበት መሬት የቀረው አንቺ ጋ ብቻ ነው።»

ልጄ ከሥራ አስፈቅዶ መጥቶ አጠገቤ ቆሟል። ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ላስቲኩ ዛሬ ከተነሣ የእኔ ነገር እንዳበቃ ሁለታችንም እናውቃለን። እንዲያው ለአንድ አፍታ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ «ሰውዬው ሞቶም ሰርዶውን ያድናል» ብዬ አሰብኩ። አሰብኩና ሳቄ መጣ፣ ከሳቄ ጋር እንባዬ። እሱ ቢሰማ እንዴት ይደሰት ነበር።

«ምን ትጠይቀኛለህ? ያዝልኝ በዚያ በኩል» አልኩና ላስቲኩን መጠቅለል ጀመርኩ።

ካስማውን በመዶሻ የመታው ኤልናታን ነው። ሸሚዙን ሰብስቦ፣ በላብ ተጠምቆ፣ ከጎረምሶቹ ጋር ዙሪያውን ተከለ። ከሰዓት ከቀብር ተመለስን፤ ሰው መጣ፣ ጋቢ ለብሶ፣ ፍራሽ ይዞ። መዝሙር ተዘመረ፣ ጸሎት ተደረገ። የእኔ ግቢ በሰው እግር ተረገጠ።

ድንኳኑ ሊነሣ ሲል ነው ያ ነገር የሆነው። ወንዶቹ ወጣ ብለዋል። ሴቶቹ መዓዛን ከበን ፍራሽ ላይ ተቀምጠናል። ከቀብር ጀምሮ አንድ ጉርሻ በግድ፣ አንድ ቃል በግድ ነው። እጇ ብቻ ሥራ አላጣም፤ ከፍራሹ ዳር ያለውን አፈር ይጭራል። አፈሩ በላስቲኩ ሥር ተቀቅሎ ላልቷል። ከዚያ ውስጥ አንድ ነጭ ሥር አገኘች። ሳብ አደረገችው፣ መጣላት። ሳበችው፣ መጣላት። ሳይበጠስ ክንድ የሚያህል ሆነ። ወዴት እንደሚሄድ በዓይኗ ተከተለችው፤ ወደ አጥሩ ነው።

«ታቢ» አለችኝ፣ «ይሄ የሙሉጌታ አይደል?»

«የእሱ ነው። ሊጠይቀኝ መጥቶ ነው።»

ሳቀች። ከሳቁ በኋላ ለቅሶው መጣ፣ ያ የታፈነው ለቅሶ፤ አቅፈናት አለቀሰች። ሲወጣላት ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ሌላ ሥር መፈለግ ያዘች። እኔ አጠገቧ ቀረብኩ። ከዚያ ሌሎቹ ሴቶች ፍራሹን ገፋ ገፋ አድርገው እጃቸውን አፈር ውስጥ አስገቡ።

«እንዳትበጥሱት! ቀስ በሉ፣ አንጓ እንዳይቀር!» እላለሁ እኔ።

«ኧረ ሴትዮዋ ልቅሶ ላይም ታዘናለች!» አለች አንዷ።

«ዝም ብለሽ ንቀይ፣ እጅሽ ለወሬ ብቻ ነው እንዴ የተፈጠረው?»

ሥሩን ከመዓዛ እግር ሥር ከመርነው። ስለ ጋሽ ሙሉጌታ እያወሩ ነቀሉ፤ አሞራ ገደል ዓሣ ሊገዛ ሄዶ አንዱን ማራቦ ለሚሉት ለዚያ ትልቅ አሞራ እንዴት እንደሰጠ፣ መኪና ሲነዳ እንዴት እንደሚዘምር። የነቀልነውን አንድም ሳላስቀር አቃጠልኩት።

በማግሥቱ መዓዛ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። «ሣሩን ላስነሣልሽ ወይ? ጠላሽው እኮ።»

«አይነሣም» አልኳት። «ከአጥሩ ሥር ግን ቆርቆሮ እንቀብራለን። የእሱ ሣር በእሱ በኩል፣ የእኔ አፈር በእኔ በኩል።»

ጋሽ ሙሉጌታ የዶሮ ቤት ሊሠራበት ያስቀመጠው ቆርቆሮ ነበር። ኤልናታን አጥሩን ተከትሎ ቦይ ቆፈረ፣ ክንዱ እስከሚጠልቅ ድረስ፤ ቆርቆሮውን አቁመን ቀበርነው። ማታ ላይ ግን መዓዛ ጎማውን መያዝ አቃታት። ወንበሩን አይታ ትመለሳለች። ሣሩ መጠውለግ ጀመረ።

እኔ ምን አደረግሁ? ሄጄ አጠጣሁት። እኔ ታቢታ፣ በየማታው፣ በገዛ እጄ ሰርዶ አጠጣሁ። ሠፈርተኛው በር ላይ እየቆመ አየኝ። «ምን ታያላችሁ?» አልኳቸው። አንድ ማታ መዓዛ ወጥታ ጎማውን ከእጄ ወሰደችና «በዝቶበታል፣ አንቺ ማጠጣት አታውቂም» አለችኝ። እሰየው ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ላስቲኩ ሲጠቀለል ተቀዶ ነበር፤ ደህናውን መልሼ ዘርግቼ ነበር። ግን ዝናቡ ቀድሞ መጣ። ሲያባራ ላስቲኩን አንሥቼ ጽጌረዳዬን መለስኩ፣ እሬቱንና የሥጋ መጥበሻውን ተከልኩ፣ በመሃላቸው ከተራራው ሥር የለቀምኩትን ጠጠር አፈሰስኩ። ውኃ የምሰጠው ለየሥራቸው ብቻ ነው፤ ለባዶው መሬት ጠብታ የለም። ጠዋት ጠዋት እየዞርኩ አያለሁ። ምንም የለም። አንገቴ ቀና አለ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አየሁት። በግቢው መሃል፣ ጠጠሩን ገፍቶ፣ አረንጓዴ፣ ስስ። አንድ።

እዚያው ቁጭ አልኩ። ነቅዬው ብጥለው ማን ያውቃል? ግን ቃሌ ቃል ነው። ለልጄ ደውዬ «ሰርዶ ወጣ» አልኩት፤ ግንበኛ ይዞ መጣ። ግንበኛው ሲባጎ መዘርጋት ሲጀምር ልጄን በእጁ ይዤ ወሰድኩት።

«ይኸው» አልኩት።

ተጎንብሶ አየ። «እማ፣ ባታሳዪኝ አላየውም ነበር እኮ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ልዋሽህ?»

ይሄን እያልን በሩ ተንኳኳ፤ አቶ ደረሰ ነው። የድንኳኑ ዕቃ ሲቆጠር አንድ ካስማ ጎድሏል፣ ምናልባት እዚህ ቀርቶ እንደሁ ሊያይ ነው። ሲባጎውን አየና ቆመ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሲሚንቶ ልናደርገው ነው፣ ጋሼ» አለ ኤልናታን።

«ይሄንን?»

«አዎ።»

«እንዴ! ታዲያ ድንኳኑን የት ልንተክል ነው?» ባርኔጣውን አወለቀ። «ያን ቀን ካስማውን የመታኸው አንተ አይደለህም? ሲሚንቶ ላይ ምታው እስቲ! ነገ ለእኔ የት ሊተክሉልኝ ነው? ለእናትህስ?»

«ኧረ እኔን ተወኝ፣ ገና ነኝ!» አልኩ።

«እሺ ለቅሶው ይቅር። ሠርግህንስ? ያቺን ባህል አዳራሽ አካባቢ የምትሠራዋን ልጅ አስፋልት ላይ ልታገባት ነው?»

ወደ ልጄ ዞርኩ። ጆሮው ቀልቷል።

«የቷን ልጅ?» አልኩት።

«ጋሽ ደረሰ!» አለ ልጄ፣ ያን ያህል ነው የቻለው።

«ስሟ ቃልኪዳን ነው» አለኝ አቶ ደረሰ። «ደህና ልጅ ናት።»

ግንበኛው መሳቁን ሊደብቅ ሲባጎውን መጠቅለል ጀመረ፤ ማንም ጠቅልል ሳይለው። ኤልናታንም አላስቆመውም። ጫማውን አወለቀና ሱሪውን ሰብስቦ ሰርዶዋ አጠገብ ተቀመጠ።

«ጉልበትሽስ፣ እማ?»

«ጉልበቴ ምን ሆነ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ እኔ እነቅላለሁ። አንቺ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ። በዚህ ከተስማማሽ ሲሚንቶው ቀረ።»

«ወንበር ላይ ሆኜ ግን እናገራለሁ።»

«እሱንማ ማን ይከለክልሻል።»

ከበረንዳው ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝ። ከዚያ ሰርዶዋን ይዞ ሊጎትት ሲል እጁን መታሁት። «ቀስ! ዙሪያውን በጣትህ አላላው መጀመሪያ።» አላላው። ሥሯ ወደ ታች ወርዶ አንድ ነገር ላይ ተጠምጥሟል። ቆፈረ፣ ቆፈረ፣ ብረት ነካ። የጠፋው ካስማ ነው፤ እስከ አናቱ ገብቶ አፈር ለብሶ ቀርቶ ኖሯል። ሰርዶዋ በእሱ ቀዳዳ ነው የወጣችው፤ ላስቲኩ ባላገኛት ቦታ።

አቶ ደረሰ ካስማውን ተቀብሎ በመዳፉ አፈሩን ጠረገ። መዓዛ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ምን አግኝታችሁ ነው?» አለች፤ ልክ እንደ እሱ።

«ሣርሽን!» አልኳት። «ልጄ ሊዳር ነው አሉ፤ ነይ ግቢና ስሚ።»