ማስታወቂያ የምትበላዋ ፍየል

የኔአለም ሥራዋ ሥራ መቁጠር ነው። ደሴ ያለ አንድ የጥናት ድርጅት በጊዜያዊነት ቀጥሯት፣ በየሳምንቱ ሰኞ ከቀትር በኋላ መካነ ሰላም ከተማ አደባባይ ላይ ያለውን ሰሌዳ አይታ የተለጠፈውን ክፍት የሥራ ቦታ ቆጥራ በስልክ ትናገራለች። ሥራ ፈላጊው ከተማውን ሞልቶታል፤ ሰሌዳው ግን ሁልጊዜ ባዶ ነው።

«ዛሬም ዜሮ?» አለች አለቃዋ ሄለን ከደሴ።

«ዛሬም።»

«እንግዲያው የሚቆጠር ከሌለ ቆጣሪ ምን ያደርጋል? በዚህ ወር አንድ እንኳ ካልተገኘ መካነ ሰላምን እንዘጋዋለን።»

የኔአለም ስልኩን ዘጋች። ተመርቃ ሦስት ዓመት ሙሉ የእናቷን የጎመን መደብ ስትኮተኩት ከርማ ያገኘችው ሥራ ይኼው ብቻ ነው። እሱም ሊሄድ?

ደግሞም ነገሩ አልዋጥልሽ አላት። ሥራ ከሌለ እነዚህ አዳዲስ ፊቶች ከየት መጡ? ከአደባባዩ ማዶ ባለው የእህል ማኅበር ቢሮ አምና አዲስ ገንዘብ ያዥ ገባ፤ ዘንድሮ አዲስ የመጋዘን ኃላፊ። ሁለቱም አፍንጫቸው ቁርጥ የሥራ አስኪያጁን የአቶ አወቀን ነው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ!

በሚቀጥለው ሰኞ ማልዳ ወጥታ ከሰሌዳው ፊት ለፊት ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። አቶ አወቀ ጋቢያቸውን እንደደረቡ ብቅ አሉ፤ በአንድ እጃቸው ወረቀት፣ በሌላው ከዱቄት የተሠራ ሙጫ በጣሳ። ለጠፉና በስልካቸው ፎቶ አነሱት። ደንቡ «በይፋ ይለጠፍ» ይላላ! ከዚያ ግቢያቸው ገብተው አንዲት ነጭ ፍየል ፈትተው ለቀቁ።

«ሂጂ ሙሽሪት!»

ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ እንደሚባለው ነው፤ ሙሽሪት ሙጫውን ላስ ላስ አድርጋ ወረቀቱን ከነማኅተሙ ዋጠችው።

«ወላሂ ጉድ ነው!» አለች የኔአለም። መጀመሪያ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ንድድ አላት። በዚህች ፍየል ሆድ ስንት ሰው የሚያድርበት እንጀራ ገብቷል!

ቤት ስትመለስ ለእናቷ ለአመለወርቅ ነገረቻት።

«ይኼም ነገር ሆኖ ነው የምትንገበገቢው?» አለች አመለወርቅ። «የጎመን ችግኜን ከፍየል በምን እጠብቀዋለሁ?»

«በእበት።»

«እንግዲያስ?»

በሳምንቱ አቶ አወቀ ሌላ ማስታወቂያ ሊለጥፉ ሲመጡ የኔአለም የእበት ጣሳዋን በነጠላዋ ሸፍና ጠበቀቻቸው። ፍየሏን ሊፈቱ ግቢ ሲገቡ ሮጣ የወረቀቱን ዳርና ዳር በተበጠበጠ እበት ለቀለቀችው። ሙሽሪት መጣች፤ አሸተተች፤ አነጠሰች።

«ብይ እንጂ!» አሉ አቶ አወቀ።

ሙሽሪት ዞር ብላ አየቻቸውና የጋቢያቸውን ጫፍ ማኘክ ጀመረች።

ሰው ከቦ ማንበብ ስለጀመረ አቶ አወቀ በእጃቸው ሊቀዱት አልደፈሩም፤ ማስታወቂያው ሳምንት ሙሉ እንደተለጠፈ ሰነበተ። ለአንዲት የጸሐፊ ቦታ ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። የአቶ አወቀ የእህት ልጅም ከሰው ጋር ተፈትኖ ወደቀ፤ የተቀጠረችው ዝናሽ የምትባል፣ አቶ አወቀን ጨርሶ የማትመስል ልጅ ናት።

«አንድ!» ብላ ደወለች የኔአለም።

«ጎበዝ!» አለች ሄለን። «እንዲያውም የመካነ ሰላሙ ሥራ ቋሚ እንዲሆን ተፈቅዷል።»

የኔአለም እልል ልትል አፏን ስትከፍት ሄለን ቀጠለች፦ «ቋሚ ስለሆነ ግን በውድድር ነው። ማስታወቂያውን እልክልሻለሁ፤ አንቺው ለጥፊው። ምዝገባው በቀበሌው አዳራሽ ነው።»

የገዛ እንጀራዋን በገዛ እጇ ሰሌዳ ላይ ለጠፈችው። የእበቱ ጣሳ እግሯ ሥር ነው፤ እጇ ግን ወደ እሱ አልታዘዝ አላት። ከወግዲም ከአቀስታም ከእሷ የበለጠ ውጤት ያላቸው ይመጣሉ። ብሸነፍስ? ብላ ፈራች፤ ከልቧ ፈራች።

አቶ አወቀ በራቸው ላይ ቆመው ጥርሳቸውን እየፋቁ ያዩዋታል። ሙሽሪት አጠገባቸው ናት።

«የኔአለም» አሉ መፋቂያቸውን አውጥተው። «ሙሽሪትን ላውስሽ?»

ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ይበልጥ ያናደዳት ግን «አዎ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መድረሱ ነው።

«ትቅርብኝ ጋሼ አወቀ! ለፋሲካ ይረዷት!» ብላ እጇን እስከ አንጓዋ ጣሳው ውስጥ ነከረችና ወረቀቱን ዙሪያውን ለቀለቀችው።

ቀበሌው አዳራሽ ስትደርስ ሰልፉ ከበሩ አልፎ መንገዱ ላይ ወጥቷል። ሄዳ መጨረሻው ላይ ቆመች። ከፊቷ ያለው ጎረምሳ አፍንጫውን ይዞ ዞረ።

«እህቴ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?»

«ሥራ ነው» አለችው።