በእፍኝ የተካፈለው ሐረግ

ሚልክያስን የሚጠላ ሰው ሶዶ ውስጥ ብትፈልጉ አታገኙም፤ ጉዱም እዚያ ላይ ነው። የገበሬዎች ማኅበራችን ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሲመረጥ አንድ እጅ እንኳ አልተቃወመውም። እኔ ብርነሽ አብሬው አንድ ክፍል ተምሬያለሁ፣ አሁን ደግሞ የማኅበሩን ንብረት የምይዘው እኔ ነኝ። ስለዚህ እንደ ልቤ ብናገረው አይቀየመኝም። ማንንም አይቀየም እሱ።

ድርቁ ከሶዶ በታች አባሎቻችን የሚያርሱበትን ቆላ፣ ሁምቦን፣ ሲመታ በቆሎው በቆመበት ደረቀ፣ የስኳር ድንቹም ከነሐረጉ አለቀ። ስኳር ድንች የሚተከለው ከሐረጉ ተቆርጦ ነው፤ ሐረግ የሌለው ገበሬ ዝናብ ቢመጣለትም እጁን አጣጥፎ ያያል። የቀረን ነገር ቢኖር በአረካ መንገድ ባለው ችግኝ ጣቢያችን በባልዲ ውሃ እያጠጣን ያተረፍነው ሐረግ ብቻ ነበር።

ልናከፋፍል ወደ ሁምቦ ስንወርድ ሚልክያስ መኪና ውስጥ ሁሉንም አስረዳኝ። ሐረጉ ለአባላቱ በሙሉ ቢከፋፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው እፍኝ ነው፤ ዝናቡ ከዘገየ በዚያ ሙቀት አንዱም አይተርፍም። ወንዝ ዳር ማሳ ላላቸው ሁለት አባላት ቢሰጥ ግን ውሃ እየጠጣ ይባዛል፣ ዝናቡ ሲመጣ እየተቆረጠ ለሁሉም ይዳረሳል።

«ይህንኑ ነው የምነግራቸው» አለኝ።

«በል እንግዲህ፣ እዚያ ስትደርስ እንዳትለሰልስ» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን ስለማውቀው አላመንኩትም።

የሁምቦ አባላት የተሰበሰቡበት አዳራሽ ጢም ብሏል። ጸሎት ተደረገና ሚልክያስ ተነሣ። ሐረጉ ለሁሉም አይሰጥም የሚል ወሬ ቀድሞን ደርሶ ኖሮ፣ ገና «ወንድሞችና እህቶች» ከማለቱ አቶ ዳልጮ ብድግ አሉ። ድምፃቸው ከገበያው ማዶ የሚሰማ ሽማግሌ ናቸው።

«እዚህ ያለነው ሁላችንም ልጆች አሉን» አሉ በወላይትኛ። «የማን ልጅ በልቶ የማን ልጅ ቆሞ ሊያይ ነው?»

ሰዉ አጉረመረመ። ሚልክያስ መሬት መሬቱን አየ። በአንድ ቃል እንኳ ሳይሞግታቸው ቀና ብሎ፣ «እኩል ይካፈላል» አለ።

ጭብጨባውን ብትሰሙት! ሴቶቹ እልል አሉ፤ አንዷማ መጥታ ትከሻው ላይ የወላይታን የባህል ልብስ ዱንጉዛ ደረበችለት። ስንመለስ ያንን የክብር ልብስ ለብሶ ጎኔ ተቀምጧል፣ እኔ ደግሞ በንዴት ጨሼ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬያለሁ።

ዝናቡ ዘገየ። ሐረጉ በየጓሮው እፍኝ እፍኙን ደረቀ። ቆይቶ ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ እንደ ጉድ ዘነበ፤ መሬቱ ጠግቦ ሲያበቃ የሚተከል ነገር ጠፋ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የሁምቦ ሰዎች ግን ሚልክያስን በክፉ አላነሡትም። «እሱ ምን ያድርግ፣ እኩል ነው የሰጠን» አሉ። ይህን በሰማ ቁጥር ፊቱ ይጠቁር ነበር።

አንድ ቀን አቶ ዳልጮ ባዶ ማዳበሪያ በብብታቸው ይዘው ቢሮ መጡ።

«ልጄ፣ ትንሽ ሐረግ ተርፎህ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«አልቋል አባባ» አለ ሚልክያስ። ከዚያ እኔን አየት አድርጎ፣ ለእኔ መኪና ውስጥ የነገረኝን ለእሳቸውም ነገራቸው፤ የሁለቱን የወንዝ ዳር ማሳ፣ የእፍኙን ነገር፣ ሁሉንም።

ሽማግሌው ማዳበሪያውን ከብብታቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ያን ቀን ይህን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«እርስዎ ሲቆጡ ፈራሁ። ሰዉም ያዳላል ይለኛል ብዬ።»

እንደ አዳራሹ ይጮሁበታል ብዬ ጠበቅሁ። ድምፃቸው ግን ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር።

«እኔ እኮ የጮህኩት ስለማላውቅ ነው፣ ልጄ። አንተ ታውቃለህ ብለን አይደል የመረጥንህ? እንዲህ አድርገህ ብትመልስልኝ ኖሮ እቀመጥ ነበር።»

ማዳበሪያውን አጣጥፈው መልሰው በብብታቸው ያዙና ወጡ። ሚልክያስ ሊሸኛቸው ተነሣ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ግን ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ እንዳደረገው መሬት መሬቱን እያየ ቆመ።