ዘውገ የረሳት ሰባተኛዋ

«ይቺ ክዳን ለንፍሮው ልክ ናት» አሉ እትዬ አመተ ሥላሴ። ሰማያዊዋን የቀለም ባልዲ ክዳን ከግድግዳው ምስማር አውርደው በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጓትና ድስቱን ከደኑባት።

ከቀብር መልስ ፍራሽ ላይ ተዘርራ፣ ውኃ እንኳ በጉሮሮዋ አልወርድ ብሏት የነበረችው ጤናዬ እንደ ድመት ዘላ ተነሳች።

«እትዬ! የወንድሜ ክዳን ናት እኮ!»

«አውቃለሁ ልጄ። ከእንግዲህ ማን ይወረውራታል ብዬ ነው።»

ጤናዬ ክዳኗን ከድስቱ ላይ አነሳች፤ የባቄላው እንፋሎት ፊቷን ሞላው። ያን ጊዜ ከድንኳኑ ደጃፍ አንድ ድምፅ ከለቅሶው ሁሉ በላይ ገኖ ተሰማ።

«ወንድሜን! ወንድሜን! ዘውዬ፣ ለማን ትተኸኝ ሄድክ!»

አስናቀው ነበር። ጤናዬ ክዳኗን ደረቷ ላይ አጣብቃ በድንኳኑ ቀዳዳ አየችው። ደረቱን ይደቃል፤ ሁለት ሰው ደግፎታል፤ ሦስተኛው ኮፍያውን ይዞለታል። አፉን በከፈተ ቁጥር የወርቅ ጥርሱ ያብለጨልጫል።

«ገዳዩ መጣ» አለች ለራሷ።

ዘውገን የገደለው እንኳ ሳንባው ነው፤ ሐኪሙም በወረቀት ጽፎ ሰጥቷል። ግን የሐኪም ጽሑፍ ለማንም አይነበብም። ጤናዬ ስታነበው «አስናቀው» ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምናለሽ ተራ፣ አሮጌ ብረትና ቆርቆሮ በሚቀጠቀጥበት የመርካቶ ጥግ፣ እሁድ ከሰዓት መዶሻው ሁሉ ዝም ሲል ክዳን ይወረወራል። ከአትክልት ተራ የመጡ ዘጠኝ የቲማቲም ቅርጫቶች በየመተላለፊያው ምሰሶ ላይ ይታሰራሉ። ተጫዋቹ የባልዲ ክዳኑን ከአንዱ ቅርጫት ወደ ሌላው እየወረወረ ይሄዳል፤ በትንሽ ውርወራ ዘጠኙን የጨረሰ አሸነፈ። ሌላ ሕግ የለም። ክዳኑ አህያ ላይ ካረፈ ግን አህያዋ እስክትቆም ይጠበቃል።

ዘውገ በዚህ ጨዋታ ለዓመታት አቻ አልነበረውም። ዳኛው አዩብ፣ ባለ ጀሪካን ሱቁ፣ በቀብሩ ዕለት እንኳ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሲመሰክር፣ «አንድ እሁድ የወረወራት ክዳን በዱባይ ተራ ዞራ መሳለሚያ ላይ ታክሲ ውስጥ ገባች። ረዳቱ ‹ሂሳብ!› ቢላት በመስኮት ወጥታ ቅርጫቷ ውስጥ ተኛች» አለ። አዩብ ከማለ አይዋሽም። ስለዚህ አይምልም።

የዘውገ ኃይል ግን ክንዱ ላይ አልነበረም፤ ከመወርወሩ በፊት በሚያደርጋቸው ነገሮች ላይ ነበር። ሕዝቡ ስድስት ናቸው ብሎ ያውቃቸዋል፤ ዘውገ መሥመሩ ላይ ሲቆም በአንድ ድምፅ ይቆጥርለታል። ክዳኗን ግራ ጭኑ ላይ ሦስቴ ይጠርጋታል፦ «አንድ!» የቀኝ ጫማውን ክር ፈትቶ መልሶ ያስራል፦ «ሁለት!» አፍንጫውን ሽቅብ አድርጎ ያሸታል፦ «ሦስት!» ንፋሱን የሚለካው እንደዚያ ነው። በርበሬ ከሸተተው ንፋሱ ከግራ ነው፤ የተቃጠለ ጎማ ከሸተተው ከቀኝ፤ ሁለቱም ካልሸተቱት ጉንፋን ይዞታል። ክዳኗ ላይ እፍ ይላል፦ «አራት!» አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፦ «አምስት!» ቀበቶውን ከፍ፦ «ስድስት!» ከዚያ ክዳኗ እጁ ላይ የለችም፤ ቅርጫት ውስጥ ናት።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በዳግማይ ትንሣኤ እሁድ፣ ዘውገና አስናቀው እኩል ሆነው ዘጠነኛው ቅርጫት ጋ ደረሱ። ሕዝቡ «ስድስት!» እንዳለ፣ አስናቀው ከኋላ በቀስታ፣ «ዘውዬ፣ ሰባተኛዋን ረሳሃት» አለ።

ዘውገ ዞረ። «የቷን?»

አስናቀው ትከሻውን ሰበቀ። ክዳኗ ከዘውገ እጅ ወጥታ ትቦ ውስጥ ገባች።

ይህን ታሪክ በምናለሽ ተራ ያለ ሰው ሁሉ «በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል። መተላለፊያው አርባ ሰው ቢይዝ ነው፤ ያዩት ግን ቢሰበሰቡ ስታዲየም አይበቃቸውም። ከሁሉም አሳምራ የምታወራው ጤናዬ ናት። «ያቺ የወርቅ ጥርሱ ብልጭ ስትል አሁንም ትታየኛለች» ትላለች። «ወንድሜን የነከሰው በእሷ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ዘውገ ሰባተኛዋን ሲፈልግ ኖረ። አማተበ፤ አልሆነም። መሬት ሳመ፤ አልሆነም። ኮፍያውን ገለበጠ፣ በአንድ እግሩ ቆመ፣ የሟች እናቱን ስም ጠራ። ሕዝቡ «አሥራ አራት! አሥራ አምስት!» እያለ ይስቅበት ጀመር። አንድ ቀን ክዳኗን ምስማር ላይ ሰቅሎ ቤት ዋለ። በዚያው ዋለ። በሞተበት ሳምንት እንኳ፣ ሳሉ ፋታ ሲሰጠው፣ የጤናዬን ክንድ ይዞ፣ «አንቺ ጤኑ፣ የቷ ትሆን?» ብሏታል።

«የለችም ዘውዬ። ውሸቱን ነው።»

አላመናትም። እንዳላመናት ሞተ።

ጤናዬ እንግዲህ የመጣው ሁሉ እንባዋን ሲጠብቅ እሷ አስናቀውን ስትጠብቅ ዋለች። ወንዶቹ ድንኳኑ ጥግ የዕድሩን አግዳሚዎች ገጥመው ካርታ ይዘዋል፤ ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳይሆን ነው ይባላል፤ ካርታም ብቻውን እንዳይሆን ነው። አስናቀው ለቅሶውን ጨርሶ መሀላቸው ተቀምጧል።

«ዘውዬ ነፍሱን ይማረውና ጣጣ ያበዛ ነበር» ይላል። «እኔ ጣጣ የለኝም። አነሳለሁ፣ እወረውራለሁ፣ አለቀ።»

ጤናዬ ከፍራሹ ላይ ሆና ትክ ብላ አየችው። ውሸቱን ነው፤ ጣጣ አለው። አንድ ካርታ ከመጣሉ በፊት ማንቁርቱ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል። ምራቁን ይውጣል። አንዴ። ሌላ ካርታ፤ አንዴ። ሃያ ካርታ ቆጠረች፣ ሃያ ጊዜ ዋጠ። እሱ ራሱ አያውቀውም።

በብርጭቆ ውኃ ይዛለት ሄደች።

«ጋሽ አስናቀው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? አይቀየሙኝም?»

«ጠይቂኝ የኔ እህት! በእንዲህ ያለ ቀን ምን ቅያሜ አለ።»

«ከመወርወርዎ በፊት ምራቅዎን የሚውጡት አንዴ ነው ሁለቴ?»

ካርታ የያዘው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ምኔን?»

«ምራቅዎን። ዘውገ እስኪሞት ድረስ ያነሳው ነበር። ‹የአስናቀው ምስጢር ምራቁ ላይ ነው› ይል ነበር።» ዘውገ ይህን በሕይወቱ ብሎ አያውቅም። «እንዲያው እንዳልረሳው ብዬ ነው። እግዜር ያጽናዎት።»

ተመልሳ ፍራሿ ላይ ተቀመጠች። አስናቀው ካርታውን ሊጥል ሲል ዋጠ። አሰበና ደግሞ ዋጠ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተበላ። ጤናዬም ለመጀመሪያ ጊዜ ንፍሮ ቆረጠመች፤ ጣፈጣት።

ቅዳሜ ለአንዲት ጎረቤት ብቻ፣ ለማንም እንዳትነግር አስምላ ነገረቻት። በመርካቶ ማስማል ማለት ጥሩንባ ማስነፋት ነው። እኩለ ቀን ሳይሆን የድንኳኑ ሰው በሙሉ የአስናቀውን ጉሮሮ ይመለከት ነበር። እሱም በዚያ ሙቀት አንገቱን በፎጣ ጠቅልሎ መጣ።

«አስናቀው ልጄ፣ ንፍሮው አነቀህ እንዴ?» አሉት እትዬ አመተ ሥላሴ።

«ደህና ነኝ እትዬ።»

«ሁለቴ ነው!» አለ አዩብ ከወዲያ። «አሁን አሁን ሁለቴ ሆኗል፤ ቆጥሬያለሁ። ትናንት ግን አንዴ ነበር።»

«አርፈህ ተጫወት አንተ!» አስናቀው ጮኸ፤ በጩኸቱ መሀል ዋጠ፤ ትን አለው፤ ሦስት ሰው ጀርባውን መታው። ጤናዬ ከሁሉ በላይ አጥብቃ መታችለት።

እሁድ ሰልስት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው በልቶ እጁን ሲታጠብ አዩብ ተነሳ።

«ወገኖቼ፣ ዛሬ እሁድ ነው። ለዘውገ እያንዳንዳችን አንዳንድ እንወርውርለት። በራሱ ክዳን፣ ዘጠነኛው ቅርጫት ላይ። አስናቀው ሻምፒዮኑ ነው፤ መጨረሻ ይወርውር። ጤናዬ፣ ትፈቅጃለሽ?»

«በደስታ» አለች ጤናዬ። አፏ እንጂ ዓይኗ እንደዚያ አላለም።

ዘጠነኛው ቅርጫት ድንኳኑ ፊት ለፊት ባለው ምሰሶ ላይ ነው። አንዱ ወረወረ፣ አገባ። ሌላው ሳተ፤ ሰው «አይዞህ» አለው። አስናቀው ተራው ደርሶ መሥመሩ ላይ ቆመ። «ቁጠሩ» ማለት አያስፈልግም ነበር። ሕዝቡ ለዘውገ መቁጠር የለመደ ሕዝብ ነው።

አስናቀው ዋጠ።

«አንዴ!» አለ ሕዝቡ።

ክዳኗን ዝቅ አደረጋት፤ ላቡን ጠረገ፤ መልሶ አነሳት። ሊውጥ ሞከረ፤ አፉ ደርቋል። ከንፈሩን ላሰ፤ ጉንጩን መጠጠ፤ እንደ ምንም አንዲት ጠብታ አገኘ።

«ሁለቴ!»

«ዝም በሉ!» ብሎ ወረወረ።

አዩብ እስከ ዛሬ እንደሚናገረው ክዳኗ ቅርጫቱን ትታ ድንኳን ገባች፣ የዕድሩን ዳኛ ቆብ አወለቀች፣ ሦስት አግዳሚ ዘላ የንፍሮው ድስት ላይ ክድን አለች። እውነቱን ለመናገር ግን ከእግሩ ስድስት እርምጃ ርቃ ጭቃ ላይ ወደቀች። ይህኛው ይብሳል። ሳቁ በሰልስት ቀን፣ በለቅሶ ቤት ደጃፍ፣ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። እትዬ አመተ ሥላሴ እንኳ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይነቃነቅ ነበር።

ጤናዬ አልሳቀችም። አንገቷን ቀና አድርጋ የአስናቀውን ፊት አየችው፤ ሲቀላ፣ ሲጠቁር፣ ሲያረጅ። ሦስት ዓመት የተራበችው ነበር፤ ጠገበች።

አስናቀው የመጣው ሰው ከተበተነ በኋላ ነው። የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን መንቀል ጀምረዋል። ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

«ደስ አለሽ?»

«በጣም።»

«አውቀሽ ነው ያደረግሽው።»

«አውቄ ነው። እርስዎ በሌለች ሰባተኛ ወንድሜን አልገደሉትም?»

አስናቀው ጭቃው ላይ የወደቀችውን ክዳን አየ።

«ነበረች» አለ።

«ምን?»

«ሰባተኛዋ። ነበረች። ቀበቶውን ከፍ ካደረገ በኋላ ቀና ብሎ ያንን የአዩብን ሱቅ ደረጃ ያያል። አንቺ እዚያ ትቆሚያለሽ። ቅንድብሽን ወደ ላይ ታደርጊለታለሽ፣ ‹እሺ› እንደሚባለው። ከዚያ ይወረውራል። እሱ ማየቱን አያውቀውም፤ አንቺም ማድረግሽን አታውቂውም። ሕዝቡ እጁን ነው የሚያየው፤ እኔ ግን ላሸንፈው ስለምፈልግ ሁለመናውን አየው ነበር። የዚያን ቀን ቀና ሳይል ቀረ። ቀና ብሎስ ማንን ያያል? አልነበርሽማ።»

«ነበርኩ! በዚህ ዓይኔ አይቼዎታለሁ! የወርቅ ጥርስዎ ብልጭ ሲል...»

«የወርቅ ጥርሱን ያስተከልኩት በዓመቱ ነው ጤናዬ።»

ያ ጥዋት እንደ ጎርፍ መጣባት። አዲሷ ነጠላ፤ ገና አንድ ቀን ያልተለበሰች። ዘውገ ክዳኗን ጠርጎባት ጥለቷ ላይ ሰማያዊ ቀለም። «ታጥቦ ይለቃል እኮ ጤኑ!» እያለ ሲስቅ። እሷ በሩን ስትዘጋ። «ዛሬ ዓይንህን አላይም፤ ሂድና ብቻህን ወርውር!» ብላ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ቤት ተቀምጣ ነጠላ ስትፈትግ ዋለች። የቀረውን ከሰው ነው የሰማችው። ደጋግማ ስታወራው ጊዜ ቆማ ያየችው መሰላት።

«ሦስት ዓመት ያውቁ ነበር?» አለች። ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር።

«አውቅ ነበር።»

«እንደ እብድ ሲፈልጋት እያዩ?»

«ብነግረው ያሸንፈኛላ።» አስናቀው ሊውጥ ሞከረ፤ አልቻለም። «ትናንትም ዛሬም ልነግርሽ ነበር። ይቅር በይኝ።»

ጤናዬ ቀረብ አለችው። ትንፋሿ ፊቱ ላይ እስኪያርፍ ቀረበችው።

«ይቁጠሩት» አለችው። «ጥዋት ሲነሱ ይቁጠሩት፣ እህል ሲቀርብልዎት ይቁጠሩት፣ አልጋዎ ላይ ሆነው ይቁጠሩት። አንዴ ይሁን ሁለቴ ሳያውቁ ይሙቱ።»

አስናቀው ኮፍያውን ሳያደርግ ሄደ።

የድንኳኑ የመጨረሻ ምሰሶ ተነቀለ። ጤናዬ ጎንበስ ብላ ክዳኗን ከጭቃው አነሳቻት። የምትጠርግበት ጨርቅ በዓይኗ ፈለገች። ከዚያ ዘቅዝቃ የለበሰቻትን ነጠላ ጫፍ ሳበች፤ ያቺው ነጠላ ነበረች፣ ሰማያዊዋ ምልክት እስከ ዛሬ አልለቀቀችም። ክዳኗን በእሷ ጠረገቻት፤ ጭቃው ጥለቱን እስኪያጨቀየው፣ ፊቷ እስኪታይባት ድረስ።

የአዩብን ሱቅ ደረጃ ወጥታ ቆመች። መሥመሩ ላይ ማንም የለም።

ቅንድቧን ወደ ላይ አደረገችለት።