የታሸገው እርሾ

እርሾ ስላችሁ የእንጀራው እንዳይመስላችሁ። የበድሪያ እርሾ የዳቦ ነው፤ የድሬዳዋን ሙቀት የለመደ፣ ሊጡን ሳያኮመጥጥ የሚያነሳ። ባሏ ተማም፣ አላህ ይርሐመው፣ ዕድሜውን ሙሉ ለአንድ ግሪክ ዳቦ ሲጋግር ኖሮ፣ ዳቦ ቤቱ ተወርሶ ግሪኩ አገር ጥሎ ሲሄድ ያገኘው ካሳ አንድ ኩባያ እርሾ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ፊቱ ላይ ይደፋለት ነበር። ተማም ግን በሁለት እጁ ይዞት ቤቱ ገባ። እሱ ሲሞት በድሪያ የወረሰችው ያንኑ ነው፤ አንድ ማሰሮ ሙሉ እርሾ።

በየማለዳው የተምር ውሃና እፍኝ ዱቄት ታበላዋለች። ካልበላ ይሞታል። ከሶማሊያው ጦርነት ወዲህ ባቡሩ እንደ ድሮው ስለማይመጣ፣ በቆርቆሮ ከጅቡቲ ይገባ የነበረው እርሾ ጠፍቶ የከተማው ዳቦ ጋጋሪ ሁሉ እርሾ ሊገዛ ደጇ ይቆም ጀመር። አልሐምዱሊላህ፣ ማንንም ሳታስቸግር ትኖር ነበር።

ገብረወልድ የመጣው ያኔ ነው። ከዚራ ሰፈር ካሉት አሮጌ ቪላዎች በአንዱ ውስጥ አነስተኛ ኢንዱስትሪዎችን የሚደግፍ ቢሮ ተከፍቶ፣ እሱ ወጣቱ ባለሙያ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ በድሪያ ትጠነቀቀው ነበር። ማሰሮው ላይ ጎንበስ ብሎ አረፋውን አየና ዓይኑ በራ።

«ጓድ በድሪያ፣ ሌላው ሰው ማሽን ነው የሚያሳየኝ። የእርስዎ ግን ሕይወት ያለው ኢንዱስትሪ ነው። ለሐረርጌ ዳቦ ቤቶች ሁሉ ይበቃል። ቢሮው ማቀዝቀዣ ይስጥዎት።»

በግንቦት ሙቀት ስንቱን እርሾ አበላሽታ እንደደፋች የምታውቅ ሴት ማቀዝቀዣ ሲሏት ልቧ ካልቀለጠ ምኗ ይቀልጣል? ገብረወልድ በምላሹ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚህ በኋላ ማሰሮው ካለበት ክፍል ጠብታ እርሾ በነፃ እንዳይወጣ። ዳቦ ጋጋሪዎቹም ቢሆኑ የተቦካ ሊጥ ይግዙ እንጂ እርሾውን አይንኩ። «ማንም ቤቱ ካበቀለው ቢሮው ምኑን ይደግፋል?» አላት። እሺ አለች።

በሳምንቱ ሚሬ ኩባያዋን ይዛ መጣች። ሚሬ በአንድ ግድግዳ የምትዋሰናት ጎረቤቷ ናት፤ ልጇን ልትድር ነው። በሰፈሩ ወግ እርሾ ይበደሩታል እንጂ አይገዙትም፤ የወሰደች አባዝታ ትመልሳለች።

«ሚሬ፣ አትቀየሚኝ። አሁን የቢሮ ሆኗል» አለች በድሪያ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

«እርሾ ደግሞ የቢሮ ይሆናል?»

ሚሬ ኩባያዋን ገልብጣ ይዛ ሄደች። በእንጀራ እርሾ የተጋገረው የሠርግ ዳቦ ኮመጠጠ፤ እንግዳው እያማ በላው። በድሪያ ሠርጉ ላይ ተገኝታ አንድ ጉርሻ እንኳ ሳትበላ ተነሳች።

ብዙም ሳይቆይ ቀበሌው የእርሾዋን ክፍል ለውይይት ክበብ ፈለገው። ገብረወልድ ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ደግ ነው አልኳችሁ እኮ። «የቢሮአችንን እሽግ ቀበሌ አይደፍረውም። የሥራ ፈቃድዎ ከበላይ እስኪመጣ ላሽገው። ለዓርብ እኔው እከፍተዋለሁ» አላት።

«ማሰሮዬን ላውጣዋ ልጄ?»

«ከወጣማ ባዶ ክፍል ነው፤ ምኑን አሸግሁት እላለሁ?»

በድሪያ ለማሰሮው እስከ ዓርብ ይበቃዋል ያለችውን አበላችው። ከጎኑ የተማም ኩባያ ነበር። አንስታ ከማሰሮው ልትቀዳ አለችና ቀና ስትል ገብረወልድ የማሸጊያውን ሰም እያቀለጠ በሩ ላይ ቆሟል። ቃሏን ያፈረሰች፣ የሰረቀች እንዳትመስለው አፈረች። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር ይላሉ፤ እሷ ግን ኩባያውን ባዶውን ይዛ ወጣች።

ዓርብ መጣ፤ ገብረወልድ አልመጣም። ለግምገማ ተጠርቶ በዚያው ቀረ። ያኔ የቀረ ሰው የት ቀረ አይባልም። በድሪያ ከዚራ ወዳለው ቢሮ ብትሄድ «ያሸገው እሱ ነው፤ እሱ ይክፈት» አሏት። እሽግ የሰበረ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

በየማለዳው በሩ ሥር እየተንበረከከች አሸተተች። መጀመሪያ ጠጅ ጠጅ አለ። ቀጥሎ ሆምጣጤ። አንድ ቀን የተምር ውሃዋን ይዛ መጥታ በበሩ ሥር በምትገኘው ክፍተት አፈሰሰችው። ማሰሮው ጋ እንደማይደርስ ታውቃለች። ቢሆንም በማግስቱም አፈሰሰች፣ በሦስተኛውም፤ ከዚያ ጉንዳን ወርሮ በሩን አስጣላት። እዚያው ቁጭ ብላ እንደ ለቅሶ ቤት አለቀሰች።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ሌላ ባለሙያ መጣ፤ ሁለት ተሸካሚዎች አስከትሎ።

«ጓድ በድሪያ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ፈቃዱ መጣ፤ ማቀዝቀዣውም ይኸው» ብሎ እሽጉን ሰበረው።

ማሰሮው ውስጥ ጥቁር ሻጋታ ተጋግሯል። በድሪያ ሻጋታውን ገፋ፣ ከሥሩ ቀዳ አድርጋ አበላችው፤ አቀፈችው፣ በጨርቅ ጠቀለለችው። አንዲት አረፋ አላወጣም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ለየዳቦ ቤቱ ዞረች፤ ቃሏን ጠብቃ ሊጥ ብቻ ስትሸጥላቸው ስለከረመች፣ ሊጡም በዕለቱ ተጋግሮ ስላለቀ፣ አንዱም ጋ ዘር አልተረፈም። ማቀዝቀዣውን ሰክተውላት ሄዱ፤ በባዶው እም ይላል።

በመጨረሻ የተማምን ኩባያ ይዛ ከግድግዳው ወዲያ ተሻገረች። ሚሬ የሽሮ እህል እየለቀመች ነበር። ኩባያውን አየች፣ የበድሪያን ፊት አየች፤ እንድትቀመጥ ቦታ ለቀቀችላት።

«ሚሬ፣ ምናልባት... ከድሮው፣ ከዚያ በፊት ከሰጠሁሽ ጠብታ የቀረ የለም?»

«እሱንማ ጨርሼ አይደል ልበደር የመጣሁት» አለች ሚሬ። በክፋት አልነበረም፤ እንባዋ ቀድሟት ነበር። «ያን ቀን ሰጥተሽኝ ቢሆን እኮ፣ ዛሬ ሞልቼ እመልስልሽ ነበር።»