ወንድ የማያየው ካርድ

ወሲላ የካሜራዋን ካርድ ለስድስተኛ ጊዜ ከላፕቶፑ ጎን አወጣችው፤ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ መልሳ ሰካችው። ማሽኑ ዝም።

"ምነው ዛሬ ጨከንክብኝ?" አለችው።

በአልጄሪያዋ ትሌምሴን ዐርብ፣ በዕረፍቱ ቀን፣ ከሰዓት የተከፈተ የኮምፒውተር ሱቅ መፈለግ ራስን ማድከም ነው። ቢከፈትም አትሄድም። ካርዱ ላይ ያለው ትናንት ያነሳችው የሴቶች ድግስ ነው። የእንግዳው ሁሉ ስልክ በር ላይ በቅርጫት ተሰብስቦ፣ ካሜራ ይዛ እንድትገባ የተፈቀደላት እሷ ብቻ ነበረች። እንደ እመቤት በአክብሮት ላላ ለሚባሉት ለሙሽራዋ እናት ለላላ ዙሊኻ "የወንድ ዓይን አያርፍበትም" ብላ ቃል ሰጥታለች። እሳቸውም እንደ ወጉ ዐሥር ሰዓት ላይ መጥተው ፎቶዎቹን በላፕቶፑ ሊያዩ፣ ካርዱም ፊታቸው ተደምስሶ ሊጸዳ ነው። የከተማው እናቶች ፎቶ አንሺ ሲፈልጉ የሚጠይቁት ላላ ዙሊኻን ስለሆነ፣ የወሲላ እንጀራ ያለው በእሳቸው አፍ ላይ ነው።

ላፕቶፑ ላይ በተለመደው ዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫነላት ኦራን ከተማ የሚሠራው ታናሽ ወንድሟ ጉቲ ነው። ደወለችለት።

"ካርዱን አላይም ብሎኛል።"

"አጥፍተሽ አብሪው።"

"አራቴ አጠፋሁት። ድሮውንም ሰው የሚያውቀውን ጫንልኝ ብዬህ ነበር።"

"ቫይረስ ጨረሰኝ ብለሽ ስታለቅሺ ማን ደረሰልሽ?" ሳቀ። "በይ፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን መስኮት ክፈቺና የምልክልሽን ጻፊ።"

የላከላት ትእዛዝ ካርድ ማንበቢያውን የሚያሠራውን ፕሮግራም አውጥቶ እንደገና አስገባው። ካርዱ ታየ፤ ፎቶዎቹ በትንንሹ ተደረደሩ። መገልበጥ ጀመረች። ሁለት መቶኛው ፎቶ ላይ ሲደርስ ቆመና ጥቁሩ መስኮት በስህተት መልእክት ተሞላ።

"ምን ይላል? አንብቢልኝ" አላት ጉቲ።

"ምኑን ላንብብልህ፣ ሁሉም ቁጥር ነው።"

"እንግዲያው በስልክሽ አንስተሽ ላኪልኝ።"

አንስታ ላከችለት። የላከችውን ያየችው ከላከች በኋላ ነው። ከጥቁሩ መስኮት ጎን፣ ጥግ ላይ፣ ላላ ዙሊኻ ራሳቸው አሉ፤ ሻሻቸውን ጥለው፣ የሸበተ ጸጉራቸውን ለቀው ሲጨፍሩ። ወሲላ ክው አለች።

"ማንበቢያው ኃይል ለመቆጠብ እያንቀላፋ ነው" አለ ጉቲ። "እንዳይተኛ የሚያደርገውን ልኬልሻለሁ።"

"ጉቲ፣ ያ ፎቶ..."

"ጽሑፉን ነው ያየሁት።"

"ጽሑፉን ብቻ?"

"አጥፍቼዋለሁ። ለማን ይነገራል? አንቺም ዝም በይ በቃ።"

ትእዛዙ ሠራ። ፎቶዎቹ አንድ ሳይቀሩ ተገለበጡ።

ላላ ዙሊኻ ከድግሱ የተረፈ የለውዝ ጣፋጭ በሳህን ይዘው በሰዓታቸው መጡ። አጠገቧ ተቀምጠው ልጃቸውን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የራሳቸው ፎቶ ጋ ሲደርሱ አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ።

"ይቺ እኔ ነኝ? ባሌ ከሞተ ጀምሮ ጨፍሬ አላውቅም እኮ" አሉ። "አንቺን አምኜ ነው እንዲህ የሆንኩት። በይ አሁን አጽጂው። የወንድ ዓይን አላረፈበትም አይደል፣ ልጄ?"

አላረፈበትም ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃል። ጉቲ ትንፍሽ እንደማይል ታውቃለች። ወሲላ ስልኳን አነሳች፤ ለወንድሟ የላከችውን ፎቶ ከፈተችና በላላ ዙሊኻ መዳፍ ላይ አኖረችው።

"አርፎበታል፣ ላላ" አለች። "የወንድሜ ዓይን ነው፤ እርስዎ ያሉበት ላይ።"