የረድፍ አለቃው ሰባት ሰዓት

ቀኑን በሥርዓት ለመምራት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ለቀኑ መተንፈሻ ይተውለት። ሰዓት ለሰው የተሰጠ መሣሪያ ነው፤ ሰውን የሰዓት አሽከር ያደረገ ግን ራሱን ከማድከም አልፎ ጎረቤቱን ያስጠማል። ይህንንም በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፥ በዚያ ክፉ የረኃብ ዘመን፥ በሱዳን ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ በተተከለ የስደተኞች ሠፈር ከኖረ እንግዳው ከተባለ ሰው ታሪክ እንረዳለን።

እንግዳው መተማ ሳለ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ሲሰደድ ከንብረቱ ሁሉ ያተረፈው አንድ የእጅ ሰዓትና ጥቂት ወረቀት ነው። ዐሥራ ስምንት ድንኳን ያለው ረድፍ አለቃ ሆኖ በተመረጠ በሦስተኛው ቀን የረድፉን ውሎ ከፋፍሎ ጻፈ። ከንጋት እስከ ምሽት ዐሥራ አራት ተግባር ተደረደረ፤ ጽዳት፥ ጸሎት፥ እንጨት ለቀማ፥ ማሽላ መውቀጥ፥ ልጆችን ማጠብ፥ ሌላው ቀርቶ «ዕረፍት፥ ሩብ ሰዓት» የሚል ነበረበት። በዚያች ሩብ ሰዓት እርሱ ራሱ አርፎ አያውቅም፤ ሌላው ማረፉን ሲቆጣጠር ታልፍበታለች።

ሚስቱ ማሬ ግን በሌላ መንገድ ትውል ነበር። ውሃ፥ እሳትና የልጆቿ ጉሮሮ ከተሟሉ ቀኑ ሞላላት ማለት ነው። ማሽላውን በጠዋት ቅዝቃዜ ትወቅጣለች፤ ውሃ ከመጣ ዘነዘናውን ጥላ ትሮጣለች፤ ካልመጣ ቀዳዳ ልብስ ትጥፋለች። ለነገ ያደረ ሥራ አያስጨንቃትም።

«በእኔ ቤት ዕቅድ የለም ልትዪኝ ነው?» አላት አንድ ቀን።

«አለ እንጂ ጌታዬ! ያንተ ወረቀት ላይ ነው፥ የኔ እጄ ላይ። ንፋስ ሲነሣ የማን እንደሚቀር እናያለን።»

በወረቀቱ ላይ ያልተሞላ አንድ ቦታ ቀርቶ ነበር፤ የውሃው። የውሃ ቦቴ የሚመጣው በየሦስት ቀኑ ነው። እንግዳው ወደ ሱዳናዊው ሾፌር ወደ ሱሩር ሄዶ የእጅ ሰዓቱን እያመለከተ ጠየቀው። ሱሩርም በዐረብኛ «ሰብዓ» ብሎ መለሰለት።

በሠፈሩ ጠርዝ ጨውና ሳሙና የምትሸጠው ከድንበር ከተማው ከገላባት የመጣችው ነጋዴ ራሒማ ይህን ሰማች። «አቶ እንግዳው፥ በራሳቸው አቆጣጠር ነው የነገረዎት። የእነሱ ሰባት የእኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው» አለችው።

«ራሒማ፥ ቁጥር ለመቁጠር አስተርጓሚ አልፈልግም። ሰብዓና ሰባት የአንድ እናት ልጆች ናቸው።»

«የአንድ እናት ልጆችም ቢሆኑ አንዱ ማልዶ ይነሣል፥ ሌላው ረፋዱን ይተኛል» ብላ ሳሙናዋን መደርደሯን ቀጠለች።

እንግዳው «ከቀኑ ሰባት ሰዓት፥ ውሃ» ብሎ ጻፈ።

ለሚቀጥለው ሐሙስ አጥቢያ የረድፉ በርሜል ደርቆ አደረ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቦቴው አቧራውን እያስነሣ ደረሰ፤ ሱሩርም በመስኮት ብቅ ብሎ «ሞያ! ሞያ!» እያለ ውሃውን አወጀ። ሴቶቹ መጥረጊያቸውን ጣሉ። እንግዳው ወረቀቱን ይዞ በረድፉ አፍ ላይ ቆመ።

«ወዴት? አሁን የጽዳት ሰዓት ነው!»

ጎረቤቱ ውዴ ባዶ ጀሪካኗን ከፍ አድርጋ አሳየችው። «አለቃችን፥ ውሃው መጥቷል እኮ! ሞያ እያለ ሲጮኽ አይሰሙም?»

«ሞያማ መጥረግ ነው። ውሃ በሰባት ሰዓት ነው፤ ያለ ሰዓቱ የመጣ ይጠብቅ።»

«እንግዲያ የቦቴውንም ስም ከጥፋተኞች ጋር ጻፈዋ!» አለች ማሬ ከኋላ። ሴቶቹ ሳቁ።

ሳቁ አበገነው። «ከዚህች መሥመር ያለፈች ሴት በእህል እደላ መጨረሻ ትሰለፋለች!» አለ። በዚያ ዘመን መጨረሻ መሰለፍ ባዶ ከረጢት ይዞ መመለስ ነበርና ሳቁ ቆመ፥ የሴቶቹም እግር ቆመ። ሱሩር ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ፤ የሚቀዳ ሰው ባያይ ወደሚቀጥለው ረድፍ ነዳና ውሃውን እዚያ አራግፎ ሄደ።

በሰባት ሰዓት እንግዳው ዐሥራ ስምንት ጀሪካን በፀሐይ ላይ አሰለፈ። ሰባት አለፈ፤ ስምንትም አለፈ።

«ምናልባት ሰዓትህ ቀድሞ ይሆናል» አለች ማሬ።

«አትቀልጂ፥ ማሬ።»

«ቀልዴን ጨርሻለሁ። ልጆችህን እያቸው።»

ሁለቱ ልጆች በድንኳኑ ጥላ ተጋድመው የደረቀ ከንፈራቸውን ይልሱ ነበር። እንግዳው በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀቱ ቀና ብሎ አያቸው። ቦቴው የሚመለሰው እሑድ ነው። በዐሥር ሰዓት ራሒማ አንድ ጀሪካን ላከች፤ የጎረቤት ረድፍም ለየሕፃኑ አንዳንድ ጣሳ ሰጠ። ትልልቆቹ ግን ሳይጠጡ አደሩ።

በማግሥቱ ሽማግሌዎች ከግራሩ ሥር ተቀመጡ። አያ ካሣ የተባሉት አዛውንት ጠየቁት።

«ስለ ሰዓቱ አቆጣጠር ተነግሮህ ነበር?»

«ተነግሮኝ ነበር፥ አያ።»

«ውሃውንስ በዓይንህ አይተኸው ነበር?»

«አይቻለሁ። ነገር ግን ወረቀቱ…»

«ወረቀቱ ጠምቶት ነበር?»

እንግዳው አንገቱን ደፋ። ሽማግሌዎቹም ፈረዱበት። ከረድፍ አለቅነቱ ተሻረ፤ ውዴም በቦታው ተመረጠች። የዐሥራ ስምንቱን ድንኳን እናቶች በየደጃፋቸው እየዞረ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያም ዘጠኝ ቀን ሙሉ ኾር ከሚሉት ደረቅ ወንዝ አሸዋ እየቆፈረ፥ በሁለት ጀሪካን ውሃ እየተሸከመ፥ ለጠራው ድንኳን ሁሉ በጠራው ሰዓት አደረሰ።